«በቅንነት» ልበል ወይስ «በየዋህነት»? ለእድር ቃለ ጉባኤ ቃል ምረጡልኝ

የእድር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። መሳቅ ይቻላል፣ ግን ነገሩ የምር ነው።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ነሐሴ ላይ አንዲት ጎረቤታችን እናቷ ሌሊት አረፉባት። ተከራይ ናት፣ ሰፈሩን ገና መልመዷ ነው፣ የእድሩ አባል አይደለችም። ሰብሳቢያችን በራቸው ሲንኳኳ ተነሱ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ወጡ፣ ድንኳኑን አውጥተው ሰጧት። ደንባችን ደግሞ «የእድሩ ንብረት ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አባል ላልሆነ ሰው አይሰጥም» ይላል። በማግስቱ ከሰዓት ያ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይገባም። አውታሩን ከአጥርና ከመብራት ምሰሶ ጋር ነበር ያሰሩት። ጣሪያው ስፌቱን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።

አሁን ስብሰባው ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ግማሹ «ሰብሳቢው በቅንነት ያደረጉት ነው ብለህ ጻፍ» ይለኛል። ሌላው «የምን ቅንነት፣ የዋህነት በለው» ይላል። አንድ አባታችን «በበጎ ፈቃድ ቢባል ይሻላል» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ብቻ «ቃሉ የፈለገው ይሁን፣ ማሰፊያውን ማነው የሚከፍለው?» ብላ ዝም አለች።

ቃለ ጉባኤ አንዴ ከተፈረመ አይፋቅም። የቱን ልጻፍ?

ሀሜት የለም

የዋህ ማለት በዚህ ዘመን ፋራ ማለት ነው። ትልቅ ሰውን ፋራ ብለህ ማህተም ልትመታባቸው ነው?

የቆሎ ተማሪ

ወንድሜ ጸሐፊ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ሦስቱን ቃላት ባንቀላቅል ደስ ይለኛል።

«ቅን» ከ«ቀና» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ዋናው ስሜቱ ቀጥ ማለት ነው። የጎበጠ ብረት ይቃናል። አጎንብሶ የሚሄደውን ልጅ «ቀና በል» እንለዋለን። ነጋዴ ወደ ሥራው ሲወጣ «ይቅናህ» ይባላል። ኢሳይያስ 40 ላይ «ጠማማውም ይቃናል» የሚለውን አስታውስ። መዝሙር 51 ላይም «የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ» ይላል። ስለዚህ የቅን ትክክለኛ ተቃራኒ ክፉ አይደለም፣ ጠማማ ነው። ሆዱ ሌላ አፉ ሌላ የሆነ ሰው፣ ከአንገት በላይ የሚስቅ፣ እሱ ነው የቅን ሰው ተቃራኒ።

የዋህ ሌላ ነው። የዋህ ገር ነው፣ ተንኮል የማያውቅ፣ ሰውን የማይጠረጥር። ትልቅ ቃል ነው፣ «የዋሆች ብፁዓን ናቸው» ተብሎለታል። ነገር ግን ያው ወንጌል ማቴዎስ 10 ላይ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ይላል። የዋህነትን ብቻዋን አልላካትም፣ ጓደኛ ጨምሮላታል። ሰው ቅን ሆኖ ልባምም መሆን ይችላል። የዋህ ሆኖ ሳያውቅ ጠማማ ሥራ ላይ መገኘትም አለ፣ የሌላ ሰው መሣሪያ ሆኖ።

«በጎ ፈቃድ» እዚህ ጭራሽ አይገባም። በጎ ፈቃድ ከራስ የሚሰጥ ነው። ክረምት ላይ የአቅመ ደካማ ቤት የሚያድሱትን ወጣቶች፣ ደም የሚለግሱትን በጎ ፈቃደኞች እንላለን፤ ጉልበቱም ደሙም የራሳቸው ነው። ድንኳኑ ግን የሰብሳቢው አይደለም። የማኅበር ዕቃ ሰጥቶ በጎ ፈቃድ ማለት በሰው እጅ እሳት መጨበጥ ይመስለኛል።

መቀሌ 12

የቆሎ ተማሪን ልደግፍ። በትግርኛ ቅኑዕ እንላለን፣ ቀጥተኛና ታማኝ ለሆነ ሰው። የሚገርመው ምቀኝነት የቀላቀለው ቅናትም «ቅንኢ» ነው። ሁለቱ ሲሰሙ በጣም ይቀራረባሉ።

ሀሜት የለም

በአማርኛም እኮ ያው ነው! «ቀናው» ሲሉ ተሳካለት ነው። «ቀናበት» ሲሉ ዓይኑ ቀላ ነው። አንዲት «በ» ገብታ ሰውየውን ከምርቃት ወደ ምቀኝነት ትወስደዋለች። ኦሪት ዘጸአት ላይ ራሱ «ቀናተኛ አምላክ ነኝ» ይላል።

እንግዲህ ጸሐፊ፣ ሰብሳቢያችሁ የቀኑ ናቸው ወይስ የተቀናባቸው? መጀመሪያ ይኼን አጣራ። የሚቀጥለው የሰብሳቢነት ምርጫ መቼ ነው?

የእድር ጸሐፊ

@ሀሜት የለም ምርጫው ጥር ላይ ነው። አሁን ሌላ ነገር አታስነሳብኝ።

ጥቁር ካባ

ጠበቃ ነኝ። እዚህ የሚጻፈው ምክር ለክርክር የሚያበቃ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ ግን ቃሉ ከእኛ ሙያ ጋር በጣም የተሳሰረ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በራሳቸው ቋንቋ ነበር። ወደ አማርኛ ሲመጣ ለዚህ ሐሳብ የተመረጠለት ቃል «ቅን ልቡና» ነው። (አሁን ብዙ ሰው «ልቦና» ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱንም ፍርድ ቤት አይቻለሁ፣ በዚህ አንጣላ።) ምርጫው ጥሩ ነው ባይ ነኝ። «ጥሩ እምነት» ወይም «መልካም ሐሳብ» ቢሉት ኖሮ ባዶ ይሆን ነበር። ቅን ልቡና ሲባል ግን ገበሬም ይገባዋል።

ሕጉ ውስጥ ቃሉ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው አለማወቅን ይመለከታል። አንቀጽ 1161ን ውሰዱ። አንድ ሰው ተንቀሳቃሽ ዕቃ በገንዘቡ ይገዛል። ሻጩ ለካ ባለቤት አልነበረም። ገዢው ሻጩ መሸጥ የሚችል ሰው ነው ብሎ አምኖ ከገዛና ዕቃውን ከተረከበ፣ በዚያ ቅን ልቡናው ምክንያት ባለቤት ይሆናል። የተሰረቀ ዕቃ ሲሆን ግን ሕጉ ከ1165 ጀምሮ ሌላ መንገድ አለው፣ ባለቤቱ ሊያስመልስ ይችላል። እና «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም። አዲስ ላፕቶፕ በማታ፣ ጨለማ ጥግ ላይ፣ በዋጋው ሩብ የገዛ ሰው ቅን ነበርኩ ቢል ዳኛው ቀና ብሎ ያየዋል። ዓይንን ጨፍኖ መግዛት ቅንነት አይደለም።

ሁለተኛው ታማኝነት ነው። አንቀጽ 1732 ውል በቅን ልቡና መተርጎም እንዳለበት ይናገራል፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን መተማመን እያዩ ማለት ነው። በውክልና ምዕራፍ አንቀጽ 2208 ደግሞ ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት ይላል። የእድር ሰብሳቢም የያዘው የሌላውን ሰው ንብረት ስለሆነ ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርበው ይኼኛው ነው። እዚህ ጋ ጥያቄው «ያውቁ ነበር ወይ?» አይደለም። «ለማን ብለው አደረጉት?» ነው። ለራሳቸው ጥቅም ነው? ለዘመድ ነው? ኪራይ ተቀብለው ኪሳቸው ከተውት ነው? እነዚህ ከሌሉ ቅንነታቸውን የሚያፈርስ ነገር አላይም።

አያት ኮንዶሚኒየም

ጥቁር ካባ፣ ታዲያ ቅን ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው? ድንኳኑ ተቀዶ ማንም አይጠየቅም?

ጥቁር ካባ

@አያት ኮንዶሚኒየም አላለቀም፣ ይኼን ልጨምር ስል ቀደምሽኝ።

አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ጉዳቱን ይካስ ይላል። ቀጥሎ 2029 ጥፋት ምን እንደሆነ ሲናገር፣ ታስቦ የተደረገም ሊሆን ይችላል፣ በቸልተኝነትም ሊሆን ይችላል ይላል። በቸልተኝነት ያጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ ንጹሕ ነው። ልጅ ጭኖ የሚፈጥን ሹፌር ልጁን ሊጎዳ አስቦ አይደለም። ቅንነት ስለ ሐሳብ ይናገራል እንጂ ስለ ጥንቃቄ አይናገርም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ናቸው፣ መልሳቸውም የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንዱን መልሰው ሌላውን የመለሱ የሚመስላቸው ሰዎች ናቸው ስብሰባውን የሚያስረዝሙት።

ስለዚህ «በቅንነት» ብሎ መጻፍ ሰውየውን ነጻ ማውጣት አይደለም። ሌባ አይደሉም ማለት ነው። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

አያት ኮንዶሚኒየም

ገባኝ። ግን እኔ «በቅንነት ነው» የሚለው አነጋገር አንገፍግፎኛል። ነገር ከተበላሸ በኋላ ብቻ ነው የሚመጣው። ያልተበላሸ ሥራ ላይ ማን በቅንነት ነው ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መንግሥት ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆች ተብለው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ቅንነት አለ። ተጠያቂነትም አለ፣ ለብቻው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ለብቻ ለብቻ ባልተጻፉ። የእኛ ሰው ግን ቅንነት ሲጠራ ተጠያቂነት ከክፍሉ የወጣ ይመስለዋል። የራሴን ልናገር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፋይሌን «ላግዝሽ» ብሎ ከጠረጴዛዬ አንስቶ ሌላ ክፍል አስገባው። ጠፋ። እኔ ስመላለስ ሰው ሁሉ የሚለኝ «እሱ እኮ ቅን ነው»። ቅን ነው፣ አዎ። ፋይሉስ?

የደሴ ልጅ

ይኼ ክር ደስ ይላል። እኛ ሙስሊሞች ቤት ደግሞ ቃሉ «ኒያ» ነው፣ በልብ የታሰበው ማለት ነው። ልጅ ሆነን አንድ ነገር ሰብረን ስንገኝ የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ኒያህ ምን ነበር?» ነው። ዱላው የሚመጣው ከመልሱ በኋላ ነው። «ሥራ የሚለካው በኒያ ነው» የሚለው ሐዲስ፣ ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ያወሩት፣ «የቡኻሪ ሶሒሕ» የሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ የሚከፈትበት ነው። ቦታው በራሱ ይናገራል።

ግን ከቅንነት ጋር አንድ አይደለም። አንደኛ፣ ኒያ ሚዛናዊ ቃል ነው። ጥሩም መጥፎም ኒያ አለ፣ ሰው ለተንኮልም ይነይታል። ቅን ሲባል ግን ጥሩነቱ ቃሉ ውስጥ አብሮ አለ፣ «መጥፎ ቅንነት» የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ኒያ ከሥራው በፊት ነው። የረመዳን ፆም በሌሊት ይነየታል። ከሰዓት በኋላ ረሃቡ ሲጀምር «ለካ ፆሜ ነው» አይባልም። አያት ኮንዶሚኒየም እንዳለችው እኛ «በቅንነት ነው» የምንለው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው ነው የሚመሰክርልን። ኒያህን ግን አንተና አላህ ናችሁ የምታውቁት።

እና ደግሞ የሰው ሐቅ፣ ማለትም የሰው መብት፣ የሚባል አለ። ኒያህ ቢያምርም የሰው ሐቅ ካለብህ ትከፍላለህ፣ ወይም ባለሐቁ ዐፉ ይልሃል፣ ይቅር ይልሃል ማለት ነው። ስለዚህ ጸሐፊ፣ የእድሩ አባላት ዐፉ ማለት ይችላሉ። ባለሐቆቹ እነሱ ናቸውና።

እትዬ ቡና

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ዓይኔን አደከማችሁት።

እኔ ሰላሳ ዓመት እድር ውስጥ ነበርኩ። ሬሳ ቤት ውስጥ ተጋድሞ፣ ሴትዮዋ በሌሊት በር አንኳኩታ፣ ሰውየው «ቆይ ኮሚቴ ልሰብስብ» ቢላት ኖሮ ዛሬ ምን ብላችሁ ትጽፉ ነበር? ጨካኝ ነበር የምትሉት። ደንብ የወጣው ለሰርግ ዕቃ ለሚዋሱት ነው፣ ሌሊት እናቷ ለሞተችባት አይደለም። በእኛ ጊዜ አባል ያልሆነ ሰው ሲቸግረው ድንኳን ወጥቶ ይሰጠው ነበር። ግን ከድንኳኑ ጋር ሁለት ጎረምሳ ይላክ ነበር! ካስማ የሚመታ፣ አውታር የሚወጥር፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያላላ። እኔ ሰብሳቢያችሁን የምጠይቃቸው «ለምን ሰጡ?» አይደለም። «ለምን ሰው አብረው አልላኩም?» ነው።

የዋህ የሚለውን ግን ተዉት። ስድብ አይደለም ድሮ። እናቴ «የዋህ ልጅ አላት» ሲሏት ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ስታበላሹት ጊዜ ነው ስድብ የሆነው።

ሀሜት የለም

እትዬ፣ ይቅርታ፣ «ፋራ» ያልኩትን በእርስዎ ፊት አልደግመውም።

ቁም ነገሩ ግን ልክ ነዎት። ከዚህ ሁሉ ሕግና ጥቅስ የሁለት ጎረምሳው ነገር ነው የገባኝ።

ነታንያ

ከእስራኤል ነኝ። ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህም ያው ክርክር አለ።

ቅን ልቡናን እዚህ በዕብራይስጥ «ቶም ሌቭ» ይሉታል። ሌቭ ያው ልብ ነው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም አያስፈልገውም። የ1973ቱ የውል ሕግ አንቀጽ 12 ገና ድርድር ላይ ሳላችሁ ቶም ሌቭ ይኑራችሁ ይላል፣ አንቀጽ 39 ደግሞ ውሉን ስትፈጽሙ። ስለዚህ ገና ሳትፈርም ሌላውን ሰው በከንቱ አመላልሰህ ብታከስረው ልትጠየቅ ትችላለህ። መጀመሪያ ቤት ስንከራይ ይኼን የነገረን ሰው አልነበረም። ወላጆቻችን በአማርኛው ልማድ «ቃሌ ቃል ነው» ብለው ነበር የሚገቡት። ደግሞም አልተሳሳቱም።

ከ«ቶም» ጋር የሚዛመደው «ታሚም» ግን ልክ እንደ የዋህ ነው። በኦሪት ነውር የሌለበት ማለት ነው። መንገድ ላይ ደግሞ በቀላሉ የሚታለል ሰው ማለት ሆኗል። እና ኢዮብ 1 ላይ አማርኛው «ፍጹምና ቅን» የሚለው፣ ዕብራይስጡ «ታም ቬያሻር» ነው። ያሻር ማለት ቀጥ ያለ ነው። ታክሲ ውስጥ «ያሻር፣ ያሻር» ስንል «ቀጥ ብለህ ንዳው» ነው። ኢዮብን የገለጹበት ቃል ለሹፌር መንገድ ማሳያ ሆኖ ይውላል። የቆሎ ተማሪ ስለ ቀጥታ ያለው ለዚህ ነው ደስ ያለኝ።

የቆሎ ተማሪ

@ነታንያ ይኼን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥህ። የኢዮብ ጥቅስ ላይ አማርኛው «የዋህ» አላለም፣ «ቅን» ነው ያለው። ተርጓሚዎቹ ልዩነቱን ያውቁ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ያለው እድራችን ድንኳን የለውም፣ አዳራሽ ነው የምንከራየው። ስለዚህ የሚቀደድ ነገር የለንም፣ የሚቀደደው ኪሳችን ነው። ጥያቄዬ ግን ሴትዮዋስ? የተዋሰችው እሷ ናት። ስለ እሷ ማንም ቃል አልመረጠላትም።

የእድር ጸሐፊ

@ሲልቨር ስፕሪንግ ልክ ነህ፣ ሳልጽፍ ቀርቼ ነው። ከአርባው በኋላ መጥታ የማሰፊያውን ግማሽ እኔ ልክፈል ብላለች። ማንም አልጠየቃትም። ወዲያውም አባልነት አመልክታለች።

እትዬ ቡና፣ የሁለት ጎረምሳውን ነገር ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። ሰብሳቢው ራሳቸው «እውነት ነው፣ ልጆቹን መቀስቀስ ነበረብኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስብሰባው የበረደው።

እስካሁን የጻፍኩት ይኼ ነው። አርሙኝ፦

«ሰብሳቢው ሌሊት ሐዘን የደረሰባትን ጎረቤት ለመርዳት የእድሩን ድንኳን በቅንነት አውጥተው ሰጥተዋል። ሆኖም የኮሚቴው ውሳኔ ሳይጠየቅና ድንኳኑን የሚተክልና የሚጠብቅ ሰው ሳይመደብ በመሰጠቱ በዝናብና በነፋስ ተቀድዷል። የማሰፊያው ወጪ ግማሹ በተዋሷት ጎረቤት ፈቃድ፣ ግማሹ ከእድሩ ካዝና እንዲሸፈን፣ ወደፊትም ሌሊት ለሚደርስ ሐዘን ሰብሳቢው ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር በስልክ ተነጋግሮ እንዲወስን፣ ሁለት ሰው አብሮ እንዲላክ ተወስኗል።»

ጥቁር ካባ

ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። «ሆኖም»ን አውጣው። «ሆኖም» ስትል የፊተኛው ቅንነት በኋለኛው የተሰረዘ ይመስላል፣ ሁለቱም እኮ እውነት ናቸው። ዓረፍተ ነገሮቹ ጎን ለጎን ይቁሙ። ሁለተኛ፣ «በተዋሷት» ሳይሆን «በተዋሰችው ጎረቤት» ነው፣ የተዋሰችው እሷ ናት።

አያት ኮንዶሚኒየም

ሰብሳቢው ምንም አይከፍሉም ማለት ነው? እሺ፣ የእናንተ እድር ነው። እኔ ብሆን አንድ ሦስተኛውን አስከፍላቸው ነበር፣ ቅንነታቸውን ሳልነካ።

የደሴ ልጅ

አባላቱ ዐፉ ካሉ እኮ አለቀ @አያት። ባለሐቁ ነው የሚወስነው።

የእድር ጸሐፊ

«ሆኖም» ወጥቷል፣ ሴትዮዋም ተስተካክላለች። ሐሙስ ይፈረማል። ሸራ ተራ እጁ ጥሩ የሆነ ድንኳን ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እትዬ ቡና

ከመውሰድህ በፊት ፀሐይ ላይ ዘርግተህ አድርቀው ልጄ። እርጥብ ሸራ ሲሰፋ ይስባል፣ ከዚያ ሲደርቅ አጠገቡ ይቀደዳል። ጎትቶም አይጫን፣ ይታጠፍ።